የአባዬ ቮልስ፣ የወንድምጋሼ ጎማ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ነው። ጉዳዬ የመኪና ጎማ ነው ብል ይስቁብኝ ይሆናል። እኔ ግን እንቅልፍ ካጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው።

አባዬ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። በፈረንጅ የ1969 ቮልስዋገን 1300 አለችው። እኛ ልጆቹ ትምህርት ቤት የተመላለስነው በእሷ ነው። እማዬ ካረፈች ወዲህ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። ዘንድሮ መካኒክ ጠርቼ ሞተሯን አስነሳናት። አባዬ ድምጿን ሲሰማ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ታናሽ እህቴ በጥር ትዳራለች። ድግሱ ኮምቦልቻ ነው። አባዬ «ልጄን የምድራት በቮልሴ ሄጄ ነው» ብሏል። የእሱ ዓይን ስለደከመ የምነዳው እኔ ነኝ።

ችግሩ ጎማው ነው። ያሉት ጎማዎች 5.60-15 ይላሉ። ጥርሳቸው ገና ነው፤ ጎናቸው ላይ ግን ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ። አባዬ «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዱና!» ይላል፣ እንዲነኩበት አይፈልግም። ገንዘቡን አጠራቅማ የገዛችለት እማዬ ነበረች።

አዲስ አበባ ያለው ወንድምጋሼ ነገሩን ሲሰማ እኔን ሳይጠይቅ አራት ጎማ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከ። ያገለገሉ ናቸው፣ ግን ያብረቀርቃሉ። 195/65 አር 15፣ 91 ኤች ይላሉ። «የ14 ናቸው፣ ገና አራት ዓመታቸው» አለኝ። እውነትም ጎናቸው ላይ 2714 የሚል ቁጥር አለ። የሰፈራችን ጎሚስታ «15 ለ15 ነው፣ ይገባል» ይላል። ሌላው ጎሚስታ ደግሞ «ለምን አራት ታወጫለሽ? የፊት ሁለቱን ብቻ ቀይሪ» አለኝ። እኔ ቸርኬው ላይ ዝገቱን ፍቄ 4 ጄ × 15 የሚል አነበብኩ። ምን ማለት እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ወንድምጋሼ በየቀኑ ይደውላል። «አስገጠምሽው?» ይላል። እሱና አባዬ ከእማዬ ቀብር ወዲህ ብዙም አይነጋገሩም። ጎማውን የላከው ለእርቅ ይመስለኛል። አባዬ ደግሞ ዞር ብሎም አላያቸውም። የቱን ላስገጥም? የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ በየትኛው ልውረድ?

ጭንቅ የያዘኝ፣ ከደሴ፤ ኅዳር 2018

*

እህቴ፣ አብሽሪ። አልሳቅሁም። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፤ አንዴ ለጎማው፣ አንዴ ለእናንተ።

ከጎማው ልጀምር። እሱ ቁርጥ ያለ መልስ አለው። ያንን ከያዝሽ የቤቱን ነገር ለመናገር አፍሽ ይፈታል።

መጀመሪያ ያቺን 2714 እንያት። አራቱ ቁጥሮች ጎማው የተሠራበትን ጊዜ ነው የሚናገሩት። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን። 27ኛው ሳምንት፣ የ14 ዓመት። ግን 14ቱ የፈረንጅ 14 ነው፤ 2014። በእኛ ቢቆጠር ሰኔ 2006 መጨረሻ ላይ ይውላል። ስለዚህ ጎማዎቹ አራት ዓመታቸው አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላቸው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በይ። ወንድምሽ አልዋሸሽም። 14 የሚል ቁጥር አየ፣ እንደ ማንኛችንም በእኛ ዘመን ቆጠረው። ሻጩም እንደዚያው ቆጥሮ ይሆናል፤ ለሻጩ ግን አልምልለትም። ይህን ስሕተት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ሲሠራው አይቻለሁ። ለወንድምሽ የምትነግሪውም ይኸው ነው፦ የተሳሳተው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ማንም አያፍርበትም።

ብዙዎቹ ጎማ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም እንዲቀየር ይመክራሉ። ጎማ ቆሞም ያረጃል። ፀሐይና አየር ያደርቁታል፣ ውስጡ ያሉት ንብርብሮች መያያዣቸው ይላላል። ማብረቅረቁ አያታልልሽ። በትንሽ ቅባት የማያበራ ጎማ የለም።

ደግሞም እነዚህ ጎማዎች ትናንት ከፋብሪካ ቢወጡም ለቮልሷ አይሆኑም ነበር። ያነበብሽው 4 ጄ × 15 ወርቅ የሆነ ነገር ነው፤ ጎሚስታዎቹ ሊያዩት የሚገባቸውን አንቺ አየሽላቸው። 15ቱ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ጎሚስታሽ በዚህ ልክ ነው፣ ይገባል። 4ቱ ግን የቸርኬው ስፋት ነው፤ አራት ኢንች፣ አሥር ሴንቲ ሜትር ብቻ። 195/65 አር 15 የተሠራው ከ5.5 እስከ 7 ኢንች ስፋት ላለው ቸርኬ ነው። ጆንያ እህል ሞልተሽ አፉን ጠበቅ አድርገሽ ስታስሪው ሆዱ ይነፋ የለ? ጎማውም ጠባብ ቸርኬ ላይ እንዲሁ ነው። ጎኑ ይነፋል፣ መሬት የሚነካው መሃሉ ብቻ ይሆናል፣ መሪውን ስታዞሪ ጎማው ዘግይቶ ይከተልሻል። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ላይታወቅሽ ይችላል። የሐረጎ ጥምዝ ላይ ግን ይታወቅሻል።

ለወንድምሽ አንድ ነገር ልመስክርለት። 91 የሚለው ቁጥር አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ኤች ደግሞ በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር። ቮልሳችሁ ሰው ሞልታ ከነዕቃዋ ወደ 1,200 ኪሎ ብትጠጋ ነው፤ ተለምና ተለማምጣ የምትሮጠውም 120 ገደማ ነው። በጭነትና በፍጥነት ከበቂ በላይ ነው የገዛው። «ጠንካራውን ስጠኝ» ያለ ሰው ነው የሚመስለው። ይህንንም ንገሪው።

ወደ አባትሽ ጎማ ስንመጣ፣ መጠኑ ላይ እሳቸው ናቸው ልክ። 5.60-15 ቮልሷ ከፋብሪካ ስትወጣ ይዛው የመጣችው ልክ ነው። 5.60 ስፋቱ በኢንች ነው። መሃል ላይ ያለችው ሰረዝ ደግሞ ጎማው የድሮው ዓይነት፣ ክሮቹ እየተጠላለፉ የተነጠፉበት መሆኑን ትነግርሻለች። ዛሬ በየሱቁ የምናየው አር የሚል ፊደል ያለበት ራዲያል ነው። እሱ ላይ ክሮቹ ከጠርዝ ጠርዝ ቀጥ ብለው ያልፋሉ።

ግን ስንጥቁ። አስተማሪ ሰው ስለሆኑ በማስረጃ እንጂ በክርክር አታሸንፊያቸውም። ባትሪ መብራት ያዥና አብራችሁ ከጎማው ጎን ቁጭ በሉ። ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ በኋላ ያለውን የመጨረሻ ቁጥር ፈልጉ። ከውጭ በኩል ካጣችሁት በውስጥ በኩል ይኖራል። አራት ሳይሆን ሦስት አኃዝ ብቻ ካገኛችሁ ጎማው የተሠራው ከፈረንጅ 2000 በፊት ነው። ያኔ አንቺ ምንም አትበይ። ሂሳቡን እሳቸው ይሥሩት።

እኔም «ጥርሱ ገና ነው» ባይ ነበርኩ። ከዓመታት በፊት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ የኋላ ግራ ጎማዬ ፈነዳ። ዳገት ስለነበር በሁለተኛ ማርሽ ነው የምሄደው፣ አላህ ጠበቀኝ። ወርጄ መንገድ ዳር የወደቀውን ቁራጭ አነሳሁት። ጥርሱ አውራ ጣቴን እስከ ጥፍሯ ያስገባል። የቁራጩ ሌላኛው ወገን ግን ስጫነው እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰባበረ። ቁልቁለቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን ዓምድ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍልሽ።

እና የቱን ትገጥሚያለሽ? ሁለቱንም አይደለም። የሚፈለገው 165/80 አር 15 ነው። አንዳንዱ ላይ 165 አር 15 ወይም 165 ኤስአር 15 ተብሎ ይጻፋል፤ የቮልስ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ልክ ነው፣ ባለ 4 ኢንች ቸርኬም ይቀበለዋል። የጭነት ቁጥሩ 86 ወይም 87 ይሆናል። 87 ማለት 545 ኪሎ ነው። ከመኪናዋ ክብደት ከግማሽ በላዩ ሞተሩ ያለበት የኋላው ነው፤ ቢሆንም አንዱ የኋላ ጎማ 400 ኪሎ እንኳ አይደርስበትም። የፍጥነት ፊደሉ ኤስ ወይም ቲ ቢሆን በቂ ነው፣ 180 እና 190 ማለት ናቸው። አዲስ 5.60-15ም ውጭ አገር ለድሮ መኪና ባለቤቶች ይሠራል። አባትሽ መልኩን ከወደዱት አንድ ቀን ይመጣላቸዋል፤ ለጥር ግን አይደርስም።

ደሴም ኮምቦልቻም ይህን ልክ ከመደርደሪያ አንስቶ የሚሰጥሽ ሱቅ በቀላሉ አታገኚም። ኮምቦልቻ ብትወርጂ የከባድ መኪና ጎማ ተራራ ነው፤ የጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ለትንሽ መኪና ከሆነ የኮሮላ ልክ ነው የሚያወጡልሽ። አዲስ አበባ ግን ቮልስ የሚነዳ ሰው ዛሬም ብዙ ነው፤ እነሱ የሚያስጠግኑበት ጋራዥ ጎማውን ከየት እንደሚያገኙ ያውቃል። አዲስ አበባ ማን አለሽ? ወንድምጋሼ።

አሁን የቤቱ ነገር መጣ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ የሙጥኝ ያሉት ጎማውን ነው ወይስ የገዛችውን? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ «ይጣል» የሚለውን ቃል ከአፍሽ አታውጪ። አንዱ ጎማ ታጥቦ ግቢ ውስጥ ይቀመጥ። ጥሩውን ምረጡት፣ እሳቸው ይምረጡት።

ሁለተኛ ጥያቄ። ወንድምሽ ጎማውን ለማን ነው የላከው? ላንቺ ደወለ፣ ላንቺ ላከ፣ አንቺን ይጠይቃል። አባትሽም የሚያኮርፉት ባንቺ በኩል ነው። አንቺ የስልክ ገመድ ሆነሻል። እንቅልፍ ያሳጣሽ ጎማው ነው ወይስ ይህ?

እንዲህ ብታደርጊስ? ለወንድምሽ ደውዪና በዚህ ዓይነት ንገሪው፦ «ወንድምጋሼ፣ ጎማው ጠንካራ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን 14ቱ የፈረንጅ ሆኖ ተገኘ፣ ቸርኬውም ጠባብ ነው። ትክክለኛውን ልክ አባዬ ያውቀዋል። መመሪያ መጽሐፏ እሱ ጋ ነው። አሁን ላገናኝህ፣ እሱን ጠይቀው።» ከዚያ ስልኩን ለአባትሽ ሰጥተሽ ሂጂና ቡና አፍዪ። እውነቴን ነው፣ ከክፍሉ ውጪ። ሁለት ወንዶች «እንደምን ከረምክ» ለማለት ቢያፍሩም ስለ ቸርኬ ስፋት ግን እስከ በረካ ያወራሉ። ስልኩ በሁለት ደቂቃ ቢዘጋም አይክፋሽ። ጎማ ተፈልጎ እስኪገኝ ገና ብዙ ጊዜ መደዋወላቸው አይቀርም።

የተላኩትን አራቱን ወንድምሽ ለሻጩ ይመልስ እንደሆነ ይሞክር። ካልሆነ ለሌላ ባለመኪና እንዳትሸጪያቸው። በረባሶ ለሚሠራ ብትሰጪያቸው ይሻላል።

ያ «የፊት ሁለቱን ብቻ» ያለሽን ጎሚስታ ግን አትስሚው። ገንዘብ ሊያተርፍልሽ አስቦ ነው፣ አውቃለሁ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ጥምዝ ላይ ስትፈጥኚባት ጅራቷ ቀድሞ ሊወጣ ይፈልጋል። ፊት ላይ መሬት አጥብቆ የሚይዝ አዲስ ራዲያል አድርገሽ፣ ኋላ ላይ የደረቀውን የድሮ ጎማ ብትተዪ ጅራቷን እየገፋሽላት ነው። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ገንዘብ ከተገኘ አምስተኛውም፣ ስኮርቱ።

ስለ ስኮርቱ ካነሳን፣ የእናንተ ዘመን ቮልስ ላይ የመስታወት ማጠቢያውን ውሃ የሚገፋው ከስኮርቱ በቀጭን ቱቦ የሚመጣ ንፋስ ነው። አባትሽን ጠይቂያቸው፣ ደስ ብሏቸው ያስረዱሻል። ስኮርቱ ጎድሎ የሚገኘው አንዳንዴ በዚሁ ነው።

ሲገጠም አጠገቡ ቁሚ። ቸርኬው ከውስጥ ዝገቱ ይፈቅ፣ ቀለም ይቀባ። የድሮ ቸርኬ ስለሆነ ካላማዳሪ ያስፈልገዋል፣ አዲስ፣ በልኩ የሆነ። አሮጌውን ለጥፎ እንዳይመልስልሽ። አዲሱ ጎማ ውስጥ የተለጠፈ ወረቀት ካለ ይላጥ፤ ካላማዳሪውን እየፈተገ ይበሳዋል። ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ቡሎኖቹን አንዴ አስጠብቂ።

ንፋሱ ላይ ትጨቃጨቃላችሁ፣ ከአሁኑ ልንገርሽ። ጎሚስታ ለሁሉም 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) መሙላት ነው ልማዱ። ቮልስ ግን ፊቷ ቀላል ነው። የዚያ ዘመን መመሪያዋ ለፊት ከ16 እስከ 18፣ ለኋላ ከ24 እስከ 27 ፒኤስአይ አካባቢ ነው የሚለው፤ እንደ ጎማው ዓይነትና እንደ ጭነቱ ይለያያል። የእናንተን መጽሐፍ ገልጣችሁ እዩት። ፊቷን ከልክ በላይ ከነፋሽው መሪው ይቀልብሻል፣ መኪናዋም መንገድ ላይ ትቅበዘበዛለች። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስሞዪ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ስለሆነ «ታች ስወርድ ንፋሱ ይለወጣል ወይ?» የሚል አይጠፋም። ከፍታው አንድ ፒኤስአይ ያህል ቢቀንስልሽ የኮምቦልቻ ሙቀት ይመልሰዋል። ተዪው።

እና ሐረጎ። መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቁልቁለቱን ግን ታውቂዋለሽ። አባትሽን ይዘሽ ከመውረድሽ በፊት ከሁለት ሳምንት ባላነሰ ጊዜ ቀድመሽ ሞክሪያት። መጀመሪያ ከተማ ውስጥ፣ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ድረስ። ከዚያ መካኒኩን ጎንሽ አስቀምጠሽ እስከ ኮምቦልቻ። ስትወጪ የምትጠቀሚበትን ማርሽ ስትወርጂም ተጠቀሚበት። ፍሬኗ የድሮ ነው፤ እግርሽን ጭነሽበት ከወረድሽ ይሞቅና ይሰንፋል። ፍሬኑንም አስፈትሺ። ዓመታት የቆመ መኪና ፍሬን ከጎማው በላይ ያስፈራኛል።

ደብዳቤሽ ውስጥ የአባትሽ ምኞት አለ፣ የወንድምሽ ስጦታ አለ፣ የእህትሽ ድግስ አለ። አንቺ መንዳት ትፈልጊ እንደሆነ ግን አንድ ቦታ እንኳ አልጻፍሽም። በሙከራው ቀን እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ምን ታደርጊያለሽ? መካኒኩ ቢነዳትና አንቺ ከአባትሽ ጎን ብትቀመጪ ቅር ይልሻል? ይህን ከማንም ጋር ሳትማከሪ ለራስሽ መልሺው።

ጎማው ለጥር ካልደረሰስ? ያኔ ቮልሷን በአይሱዙ አስጭናችሁ አውርዷት። አባትሽ በሌላ መኪና ይውረዱ። ድግሱ ቤት በር ላይ ትቁም፣ ታጥባ፣ አበባ ታስሮላት። እሳቸው ከውስጥ ተቀምጠው ሙሽራዋን ይቀበሏት፣ ፎቶውም እዚያው ይነሳ። «በቮልሴ ሄጄ» ያሉትን ያህል አይሆንም። ይከፋቸው ይሆናል። ቢከፋቸውም ኮምቦልቻ ደርሰው ነው።

ዛሬ ማታ ግን በባትሪ መብራቱ ጀምሩ። የአባትሽ ጎማ ላይ ሦስት ቁጥር አገኛችሁ ወይስ አራት? ጻፊልኝ። እሳቸው ሲያዩት ምን እንዳሉም ጨምሪበት።